የቪኒል ምንጣፍ ከመነጠፉ በፊት ስለ መታጠቢያ ቤት ወለል አዘገጃጀት

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ዐሥር መታጠቢያ ቤቶች አሉት እንበል። የእያንዳንዱ ወለል ስፋት 4 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቱ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ መስከረም 28 ቀን፣ በየወለሉ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ ሊሾ ያስፈስሳል፤ የበጋው እንግዶች እንዳያመልጡት በማሰብም ጥቅምት 15 ቀን 40 ካሬ ሜትር የቪኒል ምንጣፍ ገዝቶ ያስነጥፋል። ክፍሎቹ አማሩ፤ ሒሳቡ ተከፈለ፤ ሠራተኛውም ተሰናበተ። ታኅሣሥ ሲገባ ግን በበሩ አጠገብ ያለው መጋጠሚያ መነሣት ይጀምራል፤ በመጸዳጃው መቀመጫ ዙሪያ ምንጣፉ እንደ ፊኛ ያብጣል፤ ጠርዙን ገለጥ ያደረገ ሰው የሻጋታ ሽታ ይሸተዋል፤ ደርቆ መያዝ የነበረበት ማጣበቂያም እንደ ቀለጠ ሙጫ በጣት ላይ ይቀራል።

ባለቤቱ ወደ ሻጩ መደብር ሄዶ «የሸጡልኝ ዕቃ ብልሽት አለበት» ይላል። ሻጩ ለአስመጪው ይጽፋል፤ አስመጪውም ለፋብሪካው ይጽፋል። ፋብሪካው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሚያቀርበው ጥያቄ፣ ምንጣፉ በተነጠፈበት ቀን የወለሉ እርጥበት ስንት ነበር? የሚል ይሆናል። ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። በመደብሩ መዝገብ ውስጥ የሚገኘው የካሬ ሜትሩ ብዛትና የገንዘቡ ልክ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሻጩ የጠበቀው ካሣ ሳይመጣ፣ ገዢውም ያወጣው ገንዘብ ሳይመለስ፣ ሁለት የቆዩ ደንበኞች ተቀያይመው ይለያያሉ።

የምንጣፉ ጥቅልል ቢመረመር ግን አንዳች ጉድለት ላይገኝበት ይችላል። ጥፋቱ ያለው ማንም ባልጠየቀው፣ በደረሰኝም ላይ ባልተጻፈው፣ ከምንጣፉ በታች ባለው ወለል ውስጥ ነው። ዕቃውን የሚያስመጣውም፣ የሚሸጠውም፣ ለሕንፃው የሚገዛውም ነጋዴ ይህን የሥር ወለል ሊያውቀው የሚገባው ስለዚህ ነው።

ስለ ዕቃው ጠባይ

ከቪኒል በፊት ዓለም የሚያውቀው የወለል ምንጣፍ ሊኖሊየም ነበር። ይህንንም እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን ከተልባ ዘይት፣ ከቡሽ ዱቄትና ከመሰል ነገሮች ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1863 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። በኋላ በአሜሪካ የቢ. ኤፍ. ጉድሪች ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ዋልዶ ሴሞን እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ፖሊቪኒል ክሎራይድ የተባለውን ደረቅና ተሰባሪ ነገር ከማለስለሻ ጋር አዋሕዶ የሚተጣጠፍ አደረገው። ዛሬ ቪኒል ወይም ፒ.ቪ.ሲ. እየተባለ በገበያ ላይ የሚገኘው ምንጣፍ ዘሩ ከዚህ ነው። አንዱ ዐይነት እንደ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው፤ ሁለተኛው በካሬ የተቆረጠና በማጣበቂያ የሚለጠፍ ነው፤ ሦስተኛው የጣውላ መልክ ያለው፣ ጠርዝ ለጠርዝ የሚቆላለፍና ያለ ማጣበቂያ የሚነጠፍ ነው።

ሻጮች ቪኒልን ሲያሞግሱ በመጀመሪያ የሚያነሡት «ውሃ አያሳልፍም» የሚለውን ነው። እውነት ነው፤ አያሳልፍም። ነገር ግን ከላይ ወደ ታች የማያሳልፍ ነገር ከታች ወደ ላይም አያሳልፍም። ሴራሚክ በተነጠፈበት ወለል ላይ በጡቦቹ መካከል ያለው ቦያካ የሥሩን እርጥበት ቀስ በቀስ ያስተነፍሳል። ቪኒል ግን እንደ ድስት ክዳን ነው፤ ከሥሩ ያለው እንፋሎት መውጫ ባጣ ጊዜ በምንጣፉና በሲሚንቶው መካከል ይከማችና ማጣበቂያውን ያላላዋል። እንግዲህ ይህ ዕቃ የሚመሰገንበት ጠባይና ገዢውን የሚያከስርበት ጠባይ አንድ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

በምን ዐይነት መታጠቢያ ቤት ላይ እንደማይነጠፍ

በአገራችን ብዙ መታጠቢያ ቤቶች የገላ መታጠቢያው ውሃ በቀጥታ ወደ ወለሉ እየፈሰሰ፣ በመካከል ወይም በጥግ ባለው መውረጃ እንዲወጣ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ወለሉም ወደ መውረጃው ያዘነበለ ነው። እንዲህ ባለው ክፍል ውስጥ በተራ አነጣጠፍ ቪኒል ማንጠፍ አይገባም። ውሃው በየመጋጠሚያው ይገባል፤ ከገባም በኋላ መውጫ የለውም። የጣውላ መልክ ያለውና የሚቆላለፈው ዐይነትም ጠንካራ ስለ ሆነ ወደ መውረጃው በአራት አቅጣጫ የተዳፋውን ወለል ተከትሎ ሊተኛ አይችልም። በውጭ አገር በሆስፒታሎችና በመሳሰሉት ቤቶች ለውሃ መፍሰሻ ክፍል የሚሆን ልዩ ጥቅልል ቪኒል ይነጠፋል፤ ይሁን እንጂ ይህ መጋጠሚያው በሙቀት የሚበየድ፣ ጠርዙ በግድግዳው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ፣ መውረጃውም ምንጣፉን በቀለበት አጥብቆ የሚይዝ ሲሆን፣ ሠራተኛውም ለዚሁ የሠለጠነ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ካልተሟላ ገዢው የገላ መታጠቢያውን በሳህን ወይም በባኞ ለይቶ የቀረውን ደረቅ ወለል ብቻ ቢያስነጥፍ፣ ያም ባይሆን ሴራሚክ ቢመርጥ ይሻለዋል። ይህን የሚነግር ሻጭ የዚያን ቀን አንድ ሽያጭ ሊያመልጠው ይችላል፤ ገዢውን ግን አያጣውም።

ክፍሉን ባዶ ስለ ማድረግ

የመጸዳጃውን መቀመጫ ሳያነሡ ምንጣፉን በዙሪያው ቆርጦ ማስጠጋት የተለመደ ነው። ይህ የሰነፍ ሥራ ነው። በመቀመጫው ዙሪያ ያለው መጋጠሚያ ዕለት ዕለት ውሃ የሚያገኘው ቦታ ከመሆኑም በላይ፣ ወለሉ ከመቀመጫው ሥር የበሰበሰ ወይም የረጠበ መሆኑ የሚታወቀው መቀመጫው ሲነሣ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ይዘጋል፤ የማጠራቀሚያው ውሃ ይለቀቃል፤ በመቀመጫው ውስጥ የቀረውም በጨርቅ ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ብሎኖቹ ይፈታሉ። መቀመጫው በሲሚንቶ የተያዘ እንደ ሆነ በመሮ ቀስ ተብሎ ዙሪያውን መፈልፈል ያሻል፤ በኀይል የተመታ መቀመጫ ይሰነጠቃልና። የፍሳሹ ቧንቧ አፍም ወዲያውኑ በጨርቅ ይወተፋል፤ ይህ የሚሆነው መጥፎው አየር ወደ ቤት እንዳይገባና ፍርስራሹ ወደ ቧንቧው ወድቆ እንዳይደፍነው ነው።

ዞኮሎውም ይነሣል። እግሩ ወለሉ ላይ የቆመ ላቫንዲኖ ካለ እግሩ ይወጣል። የበሩ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ማስተካከያው ዱቄትና ምንጣፉ ሲደመሩ ወለሉን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ምንጣፉን እየፋቀ እንዳይከፈት አስቀድሞ መለካት ይገባል። የመጸዳጃው ቧንቧ አፍም ከአዲሱ ወለል በታች ወርዶ የሚቀር ከሆነ ማስረዘሚያ ያስፈልገዋል።

ክፍሉ ባዶ ሳለ ቧንቧዎቹን መፈተን መልካም ነው። የቤቱ ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው የውሃው ቆጣሪ ይነበባል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲነበብ ቁጥሩ ከተለወጠ አንድ ቦታ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ማለት ነው። በወለል ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ የሚያፈስ እስከ ሆነ ድረስ ወለሉን ለማድረቅ መድከም ከንቱ ነው።

ስለ ጽዳት

የወለል ጽዳት ሲባል በመጥረጊያ መጥረግ ብቻ አይደለም። ማጣበቂያ የሚይዘው በሲሚንቶው ላይ እንጂ በሲሚንቶው ላይ ባለው ነገር ላይ አይደለም። በአዲስ ሕንፃ ውስጥ ትልቁ ጠላት ጀሶ ነው። ጣራና ግድግዳ የሚለስኑት ሠራተኞች ጀሷቸውን ወለሉ ላይ ይበጠብጣሉ፤ የተረፈውም እዚያው ደርቆ ይቀራል። ጀሶ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ በላዩም የሲሚንቶ ማስተካከያ ቢፈስበት ሁለቱ አይስማሙምና ይላቀቃሉ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ቅንጣት በመፋቂያ መነሣት አለበት። ቀለም፣ ሰም፣ ዘይት፣ የአሮጌ ማጣበቂያ ቅሪት፣ በሲሚንቶው ላይ እንደ ጨው የወጣው ነጭ ዱቄትም እንዲሁ ይፋቃል። ነጩ ዱቄት ከታየ በሲሚንቶው ውስጥ ውሃ እየተመላለሰ መሆኑን የሚናገር ምስክር ስለ ሆነ፣ ጠርጎ ከማለፍ ይልቅ መነሻውን መፈለግ ይገባል።

ወለልን በአሲድ የማጠብ ልማድ አለ። አሲድ ሲሚንቶውን ከመብላቱም ሌላ ወለሉን እንደገና ያረጥበዋል፤ በደንብ ታጥቦ ካልወጣም ቅሪቱ ማጣበቂያውን ይጎዳል። በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ በረኪና አይጠፋም፤ አሲድና በረኪና የተገናኙ እንደ ሆነ ክሎሪን የተባለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ለሠራተኛው ሕይወት የሚያሰጋ ነው። በመፋቂያና በመፍጫ የሚሠራው ጽዳት አድካሚ ቢሆንም የተሻለ ነው። ሲሚንቶ በደረቁ ሲፈጭ የሚነሣው ብናኝም ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ ስላለበት፣ ሠራተኛው ለዚህ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ ብናኙንም የሚስብ መኪና መጠቀም አለበት።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በማይለቅ የቀለም ብዕር ወለሉ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ይህ ቀለም በጊዜ ብዛት በቪኒሉ ውስጥ አልፎ ከላይ ይታያል። ቅጥራንም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ምልክቱ ይፋቃል እንጂ «ይሸፈናል» ተብሎ አይተውም፤ ለወደፊቱም ወለል ላይ በእርሳስ ብቻ ምልክት እንዲደረግ ማዘዝ ነው።

ከጽዳት በኋላ ወለሉን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ እያንኳኩ መዞር ያስፈልጋል። ጠንካራ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ደኅና ነው፤ እንደ ባዶ ሣጥን የሚጮኸው ግን ሊሾው ከሥሩ ካለው ኮንክሪት ተላቅቋል ማለት ነውና ተፈልፍሎ ይወጣል፤ እንደገናም ይሞላል። ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ተከፍተው ይሞላሉ። ጎንና ጎኑ ከፍና ዝቅ ያለ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን የምንጣፍ ሠራተኛ ጉዳይ አይደለም፤ መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

ስለ እርጥበት

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው። ኮንክሪት ወይም ሊሾ ሲቦካ የሚጨመርበት ውሃ ሲሚንቶው ከሚፈልገው በላይ ነው። በ1 ኩንታል ሲሚንቶ ላይ 50 ሊትር ውሃ ቢጨመር፣ ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ የሚሆነው 25 ሊትር ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው እንዲታሽና እንዲፈስ የተጨመረ ስለ ሆነ በሲሚንቶው ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀመጥና ከዚያ ቀስ በቀስ ይተናል። ሠራተኞች እንዲቀልላቸው ብለው ከዚህም አብልጠው የሚያቀጥኑት እንደ ሆነ የሚተነው ውሃ በዚያው ልክ ይበዛል።

በሕንፃ ሥራ ዘንድ «28 ቀን» የሚባል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር የኮንክሪት ጥንካሬ የሚመዘንበት ዕድሜ እንጂ የሚደርቅበት ቀን አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ 28 ቀን የሞላው ወለል ደረቅ ይመስለዋል። እንዲያውም ጥንካሬ የሚገኘው ወለሉ ውሃ እየጠጣ በቆየ መጠን ነው፤ የመድረቂያው ቀን መቆጠር የሚጀምረውም ውሃ ማጠጣቱ ካበቃ በኋላ ነው። የሙያው ሰዎች የሚሠሩበት ግምት፣ በደረቅና አየር በሚመላለስበት ክፍል ውስጥ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ላለው ውፍረት ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር 1 ቀን ነው፤ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ላለው ደግሞ ከዚህ የረዘመ ነው።

በዚህ ግምት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሒሳብ ይታይ። ሊሾው የፈሰሰው መስከረም 28 ቀን ነው። ውሃ የጠጣበት 7 ቀን ሲጨመር ጥቅምት 5 ቀን ይሆናል። 4 ሳንቲ ሜትር 40 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ 40 ቀን ሲደመር ኅዳር 15 ቀን ይደርሳል። እርሱ ግን ያስነጠፈው ጥቅምት 15 ቀን ነው፤ ከጊዜው አንድ ወር ቀድሟል ማለት ነው። ይህም ከሊሾው በታች ያለው ሶሌታ አስቀድሞ የደረቀ ሲሆንና መስኮቱ ተከፍቶ አየር ሲገባ ነው። የመታጠቢያ ቤት መስኮት ደግሞ ጠባብ ነው፤ አንዳንዱም መስኮት የሌለው ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ባለቤቱ የአንድ ወር ኪራይ እንዳያመልጠው ሲል ዐሥሩንም ክፍሎች ዘግቶ ማስፈረስ፣ ማስፋቅ፣ ማድረቅና እንደገና ምንጣፍ መግዛት ይገጥመዋል።

በክረምት የሚፈስ ሊሾ ከዚህ ይልቅ ይዘገያል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለ ሆነ ከወለሉ የሚተነውን ውሃ የመቀበል ዐቅሙ ይቀንሳል። በእነዚህ ወሮች የሚሠራ ባለቤት በጣት ቆጥሮ ሳይሆን ለክቶ ብቻ ማስነጠፍ ይኖርበታል።

በምድር ቤት ያለ ወለል ሌላ ነገር አለበት። ከኮንክሪቱ ሥር የፕላስቲክ ወረቀት ያልተነጠፈበት እንደ ሆነ የመሬቱ እርጥበት ያለ ማቋረጥ ወደ ላይ ይሳባል። የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ በድንጋይ ሙሌት ላይ በቀጥታ ኮንክሪት የፈሰሰባቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ወለል በበጋ የደረቀ ይመስልና ክረምት ሲመጣ ይረጥባል፤ አርባ ቀንም ይጠበቅ አርባ ወር ያው ነው። መፍትሔው እርጥበትን የሚያግድ የኢፖክሲ ቅብ እንደ አምራቹ ትእዛዝ መቀባት፣ ወይም ቪኒሉን ትቶ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። በእንግዳ ማረፊያው ውስጥ የምድር ቤቶቹ ምንጣፍ ከፎቁ ቀድሞ ቢነሣ ባለቤቱ ሊደነቅ አይገባውም።

እርጥበትን ለመፈተን ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነው። ጎንና ጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ይነጠፍና አራቱም ጠርዝ አየር በማያስገባ ተለጣፊ ይታሸጋል፤ ከ16 ሰዓት ባላነሰ ጊዜ በኋላ ይገለጣል። ከፕላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ አልደረቀም። ምንም ካልታየ ግን «ደርቋል» ብሎ መደምደም አይቻልም። ይህ ፈተና የሚያሳየው የላዩን ብቻ ነው፤ በጥልቁ ያለው ውሃ ምንጣፉ ከተዘጋበት በኋላ ወደ ላይ ይወጣልና። ስለዚህ ፕላስቲኩ ሥራ ለማስቆም የሚበቃ ምስክር ሲሆን ሥራ ለማስጀመር ግን አይበቃም።

ሁለተኛው የአየር እርጥበት መለኪያ ያለበት መሣሪያ ነው። መሣሪያው በታሸገ ሣጥን ውስጥ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ወይም በወለሉ ውስጥ ቀዳዳ ተሰርስሮ በዚያ ይገባል። በላዩ ብቻ የሚደርቅ ወለል ከሆነ ቀዳዳው ከውፍረቱ 40 በመቶ ያህል ጥልቀት ይኖረዋል። ቁጥሩ መለዋወጡን እስኪያቆም ድረስ ይጠበቅና ይነበባል። በብሪታንያ የሚሠራበት ወሰን 75 በመቶ ነው፤ አንዳንድ የማጣበቂያ ፋብሪካዎች ከዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ይፈቅዳሉ። የሚከተሉት ግን በማጣበቂያው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ነው እንጂ ከሌላ ሰው የሰሙትን አይደለም። ይህ መሣሪያ ለአንድ ባለቤት ውድ ሊሆን ይችላል፤ ለምንጣፍ ሻጭ ግን አንድ ጊዜ ገዝቶ ለደንበኞቹ ሁሉ የሚሆን ዕቃ ነው፤ ከአንድ የተመለሰ ሽያጭም አይበልጥም።

ስለ ማስተካከል

ለጥ ያለና ውሃ ልክ የሆነ ወለል አንድ አይደሉም። ቪኒል የሚፈልገው ለጥ ያለውን ነው፤ ወለሉ በጠቅላላው ጥቂት ቢያዘነብል አይጎዳውም፤ ጉብታና ጎድጓዳ ግን ይጎዳዋል። የሚፈቀደው ልዩነት በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በ1 ሜትር ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ማድረግ ይበቃል። ቀጥ ያለ ዘንግ በየአቅጣጫው እያጋደሙ ብርሃን ከሥሩ የሚያሳልፈውን ቦታ በእርሳስ መክበብ ነው። ጉብታው ይፈጫል፤ ጎድጓዳው ይሞላል። ቀጭን ጥቅልል ቪኒል የአሸዋ ቅንጣት እንኳ አይደብቅም፤ የሚቆላለፈው ዐይነት ደግሞ ጎድጓዳ ላይ ሲረገጥ እየተጣጠፈ ጥርሱ ይሰበራል።

በዚህ ቦታ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ሲሚንቶ ብቻውን በውሃ በጥብጦ እንደ ቦያካ ወለሉ ላይ መቀባት ነው። ይህ ሲደርቅ ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ሁለተኛው ለግድግዳ የሚሆነውን ስቱኮ ለወለል መሙያ ማድረግ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። ለወለል የተሠራ፣ ሲሚንቶነት ያለው፣ ሲፈስም ራሱን የሚያስተካክል ዱቄት በገበያ አለ። ይህንም ከማፍሰስ በፊት ወለሉ በተስማሚው የመጀመሪያ ቅብ ይቀባል። ውሃው በልክ ይጨመራል፤ በከረጢቱ ላይ 6 ሊትር ከተጻፈ 6 ሊትር ነው፤ «ይፈስልኝ» ብሎ አንድ ሊትር የሚጨምር ሠራተኛ የወለሉን ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ላዩም እየተፈረፈረ ይቀራል። ማስተካከያውም በተራው ውሃ ያለበት ስለ ሆነ የራሱ የመድረቂያ ጊዜ አለው፤ ይህም በከረጢቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሴራሚክ፣ ጣውላና አሮጌ ምንጣፍ

በአሮጌ ሴራሚክ ላይ ማንጠፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የተላቀቀ ጡብ ይነሣል፣ የሳሙናና የቅባት ቅሪት ይታጠባል፣ ወለሉም ተሞርዶ አንጸባራቂነቱን ያጣል። በጡቦቹ መካከል ያለው ሰርጥ ካልተሞላ ከጥቂት ወራት በኋላ መልኩ በቪኒሉ ላይ እንደ መስኮት ፍርግርግ ይታያል።

በጣውላ ላይ የተሠራ መታጠቢያ ቤት በአዲስ አበባ የቆዩ ቤቶች ይገኛል። በቅድሚያ የሚታየው ከሥሩ ያለው ነው። በድንጋዩ መሠረት ላይ የተተዉት የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች በአፈር ወይም በሲሚንቶ ተደፍነው ከሆነ ጣውላው ከታች ሊበሰብስ ይችላል። በመጸዳጃውና በባኞው አጠገብ ያለውን ጣውላ በሹል ነገር ወጋ ማድረግ ነው፤ በቀላሉ ከገባ ተበላሽቷልና ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ውሃ በሚችል ሙጫ የተሠራ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይለበጥበታል፤ መጋጠሚያው ከጣውላው መጋጠሚያ ጋር አንድ ላይ እንዳይውል ይደረጋል፤ የብሎኑም ራስ ከላዩ ሰጥሞ ይሞላል። ቺፑድ ውሃ ሲነካው ያብጣልና ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም።

ከአሮጌ የቪኒል ንጣፍ ጋር የተያያዘ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሠሩት የቪኒል ጡቦችና ከጥቁሩ ማጣበቂያቸው ብዙዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዐይነት ካንሰር እንደሚያመጣ ያስታውቃል። ስለዚህ በቆየ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያለ ንጣፍ የተገኘ እንደ ሆነ አይፈጭም፣ አይሞረድም፣ አይሰበርም፤ በቦታው ደኅና ተጣብቆ ካለ ሳይነካ በላዩ መሸፈን፣ ካልሆነም የሚያውቅ ሰው መጥራት ነው።

ስለ ማንጠፊያው ቀንና ስለ ደረሰኙ

ምንጣፉ ከመነጠፉ በፊት ሁለት ቀን ያህል በዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ክፍሉ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ባይቀዘቅዝ ይመረጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ብርዱ ስለሚጠና፣ ጠዋት በማለዳ ከመጀመር ፀሐይ ቤቱን እስኪያሞቀው መጠበቅ ይሻላል። ወለሉ በመጨረሻ በብናኝ መሳቢያ ይጸዳል። ጠርዙ ከግድግዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያል፤ ያ ክፍተት በመታጠቢያ ቤት ውስጥ በሲሊኮን ይሞላል፤ ዞኮሎውም በላዩ ይመለሳል። የመጸዳጃው መቀመጫ የሚመለሰው በአዲስ ማሸጊያ ነው፤ አሮጌው ማሸጊያ ዳግመኛ አይጠቅምም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ዕቃው ተቆርጦ ከተለጠፈ በኋላ የሚነሣ ክርክር ግን ስለ ዕቃውና ስለ ወለሉ አንድ ላይ ስለሚሆን ማስረጃ ያሻዋል። ስለዚህ በሻጩ ደረሰኝ ቅጂ ጀርባ ላይ አምስት ነገሮች ቢጻፉ ጥሩ ነው፤ ሊሾው ወይም ኮንክሪቱ የፈሰሰበት ቀን፣ ውፍረቱ፣ ክፍሉ በምድር ቤት ወይም በፎቅ መሆኑ፣ የእርጥበቱ ቁጥርና የተለካበት ቀን፣ የለካውም ሰው ስም። ከሥሩ ገዢውና አንጣፊው ይፈርማሉ። ገዢው ሳይለካ ማስነጠፍ የፈለገ እንደ ሆነ «ሳይለካ» ተብሎ ይጻፍና በዚያው ይፈርማል፤ ቅጂው ከጥቅልሉ የፋብሪካ ቁጥር ጋር በደንበኛው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።